ልዑሉ የእናቴን ለውዝ ሊያርም መጣ

አሶሳ ውስጥ «ሐዋ ሐጂያን በአፏ ረትታ ልጃቸውን ወሰደች» የሚል ወሬ አለ። መጀመሪያ የሰማሁት ገበያ ላይ ከማታውቀኝ ሴት ነው፤ አጠገቧ ቆሜ ስለ ራሴ እስከ መጨረሻው አስወራኋት። እውነቱን ልንገራችሁ ብዬ የተነሳሁትም ለዚህ ነው። በአፌ ማንንም አልረታሁም። አፌማ ከዚያ ቤት ነው ያስባረረኝ።

ያኔ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት አልመጣልኝም፤ ከአሶሳ ወደ ሆሞሻ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች መንደር ከእናቴ ጋር ተቀምጫለሁ። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ቤታችን የሁለት ሴቶች ቤት ነበር። አንደኛዋ ትሠራለች፣ ሁለተኛዋ ታነባለች። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። አላርምም አልልም፤ አርማለሁ፤ ግን እኔ አንዷን መስመር እስክጨርስ እናቴ ሌላውን ሁሉ ጨርሳ ትመጣና የእኔንም ትቀማኛለች።

የማነበው የፍቅር ልብ ወለድ ነው። እቤት የምናወራው በበርታ ስለሆነ አማርኛ ለእኔ ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው፤ ያጠራሁትም ከነዚህ መጻሕፍት ነው። ለዚህ ነው ወፍጮ ቤት ሄጄ ዱቄት በወጉ መጠየቅ ሳልችል «ልቤ በናፍቆትህ ነደደ» ማለት የማውቀው። የዚያን ክረምት እጄ የገባው መጽሐፍ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ከስንት ሰው እጅ ዞሮ የመጣ ወፍራም መጽሐፍ ነበር። አንድ ልዑል አለ። ከየአገሩ የመጡ ቆነጃጅት ቤተ መንግሥት ውስጥ ተሰብስበው ልቡን ለማግኘት ይፎካከራሉ። አንዷ ትዘፍናለች፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ የሌላዋን ቀሚስ በመቀስ ትቆርጣለች። እኔ ደግሞ ለውዝ እያረምኩ «እኔ ብሆን ኖሮ እንዲህ አደርግ ነበር» እላለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት አክስቴ ሲቲና ከአሶሳ በባጃጅ እየበረረች መጣች። የአባቴ እህት ናት፤ የያዘችው ወሬ ትልቅ ከሆነ ሰላምታ ትረሳለች።

«ሐጂያ ዘሃራ ሰደቃ ልታበላ ነው» አለች። «ልጇ አንዋር ከአዲስ አበባ መጥቷል። ለማስተናገድ ልጃገረዶች ይምጡልኝ ብላለች።»

ለማስተናገድ! እኛ አገር ለልጇ ሚስት የምትፈልግ እናት «ልጃገረድ ልመርጥ ነው» አትልም። ሰደቃ ታዘጋጅና ሳህን ታሸክማለች። ሳህኑን ማን እንዴት እንደያዘው ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ታያለች። የሚያሸክሙትም የሚሸከሙትም ያውቃሉ፤ ሁሉም ግን የማያውቅ ይመስላል።

«ዘራቸው የድሮ ገዢዎች ዘር ነው» አለች አክስቴ። «ልጁ ፋርማሲስት ነው። ያገባችው አዲስ አበባ ትገባለች።»

ይኸኔ ጆሮዬ ቆመ። የገዢ ዘር ከሆነ ልዑል ነው ማለት ነው። መጽሐፉ ከእቅፌ ተነስቶ መንደራችን ድረስ የመጣ መሰለኝ።

እናቴ ለውዝ ትፈለፍል ነበር። እጇ አላረፈም። «ትሂድ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ሻሼን ስታስርልኝ «አንቺስ?» አልኳት።

«እኔ ምን እሆናለሁ? ማሳው አለ አይደል?»

ይቺ «ማሳው አለ» የምትለው ነገር ሆዴን በላችው። የዚያን ክረምት ወገቧን ያማት ጀምሯል። ጎንበስ ብላ ቆይታ ቀና ስትል ማሳው ዳር ያለውን የማንጎ ግንድ ትደገፋለች። እኔ ከሄድኩ የሚቀራት ደጋፊ ያ ግንድ ብቻ ነው። ቢሆንም ሄድኩ። አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር አልኳችሁ፤ ልዑል የማየት ጉጉት ደግሞ ቀላል አይደለም።

የሐጂያ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ወንዶቹ ከድንኳኑ ሥር ቁርአን ይቀራሉ፤ እኛ «አስተናጋጆቹ» ጓዳው በር ላይ ተደርድረናል። እያንዳንዷ እጇን ሂና ተቀብታለች። ከጎኔ የቆመችው ፋጤ ትባላለች፤ ወላጆቿ ከወሎ መጥተው አሶሳ ዙሪያ የሰፈሩ፣ ቀይ፣ ሳቂታ ልጅ ናት። ቆንጆ ስለሆነች ወዲያው ጠላኋት። ቀሚሴን በመቀስ እንዳትቆርጥብኝ እያልኩ ከሷ ራቅ አልኩ።

አንዋር ሲገባ ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩት። ረጅም ነው፤ ነጭ ጀለቢያ ለብሷል። ፊቱ ላይ ግን የልዑልነት ኩራት የለም፤ ሆዱን የቆረጠው ሰው ይመስላል። አጎቶቹ መሃል ቁጭ ብሎ መሬት መሬቱን ያያል።

አሁን የማወራላችሁን ስትሰሙ እንዳትስቁብኝ። መጽሐፉ ውስጥ አንዷ ልጅ ብርጭቆ ከእጇ ያመልጣታል፤ ልዑሉ ከዙፋኑ ተነስቶ ስብርባሪውን ሊለቅምላት ሲንበረከክ ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ። እኔም የከርከዴ ብርጭቆ የተደረደረበትን ሳህን ይዤ አንዋር ፊት ስደርስ አንዱን ሆን ብዬ ለቀቅኩት። ብርጭቆው ወፍራም ስለነበር አልተሰበረም። እየተንከባለለ ሄደና ቀዩን ከርከዴ በሐጂያ ነጭ ምንጣፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር ዘረገፈው። ልዑሉ አልተንበረከከም። እግሩን ሰብሰብ አደረገ።

ጨርቅ ይዛ ሮጣ የመጣችልኝ ፋጤ ናት። አጠገቤ ተንበርክካ እየጠረገች «አብሽሪ እህቴ፣ ማንም አላየሽም» አለችኝ። ግቢው በሙሉ አይቶኛል። ቀና ስል አንዋር ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይታገላል። በውርደት መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከምሳ በኋላ ሐጂያ አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ያስጠሩን ጀመር። የምትወጣው ሁሉ አንገቷን ደፍታ ትወጣለች። ተራዬ ደርሶ ስገባ አክስቴ ተከትላኝ ገባችና አጠገቤ ቁጭ አለች። ሐጂያ ወፍራም ትራስ ላይ ተደግፈው የሙስባሃቸውን ፍሬ ይቆጥራሉ።

«ከርከዴዋ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ሐጂያ።»

«ትሰግጃለሽ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«እናትሽ ብቻዋን ናት አሉኝ።»

«ከኔ ጋር ናት፣ ሐጂያ።»

«አንቺ አዲስ አበባ ስትሄጂ ብቻዋን ናት ማለት ነው» አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ የሚሆነውን ነው የተናገሩት። «ኸላስ፣ እሱን በሚገባ እንክሳለን። አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ? ወርቅ? ልብስ? ተናገሪ፤ ሌሎቹ ሁሉ ‹እርስዎ እንዳሉ› ነው ያሉኝ።»

እኔም እንደዚያው ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ወላሂ። ዓይኔ ላይ ግን እናቴ ግንዱን ተደግፋ መጣችብኝ።

«ልጅዎ መጥቶ የእናቴን ማሳ ይረም» አልኩ። «እንደ ደንባችን።»

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በእኛ በበርታዎች ዘንድ ከጥንት ጀምሮ ልጃገረድ የሚፈልግ ወንድ ወላጆቿ ማሳ ላይ እየመጣ ይሠራል። ሲሠራ ይታያል፤ ሰነፍ ከሆነ ይለያል። ዛሬ ዛሬ ግን በተለይ ከተማ ቀመስ የሆነው በብር ይጨርሰዋል። ከሀብታም ቤት ይህን መጠየቅ ድፍረት ነው፤ ያውም ልጅቷ ራሷ በራሷ አፍ!

አክስቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። የሐጂያ ሙስባሃ ቆመ።

«ይሄ የድሮ ነገር ነው» አሉ። «እናትሽን ሰው ቀጥራ እንድታሳርም ብር እንሰጣታለን።»

«ብር ወገቧን ደግፎ ቀና አያደርጋትም፣ ሐጂያ። ከሷ ልጅ ሲወሰድ ልጅ ሊመጣላት ይገባል።»

አፌን ብዘጋ ኖሮ እዚህ ላይ ነበር መዝጋት ያለብኝ። «ካልሆነ ይቅር» ብዬ ጨመርኩበት።

ሐጂያ በእጃቸው በሩን አሳዩኝ። አክስቴ እስከ መንገዱ ድረስ እያለቀሰች ሸኘችኝ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ ነው ያለቀሰችው። «ከእንግዲህ በየትኛው ዓይኔ ነው ሐጂያን የማያት?» ትላለች። ቤት ስደርስ እናቴ ሰምታ የባሰ ተቆጣች።

«ማን ጠይቂልኝ አለሽ? ብቻዬን አርሜ አላሳደግኩሽም? በእኔ ምክንያት ዕድልሽን ትዘጊያለሽ?»

ተቆጥታ ወጥታ ማሳው መሃል ብቻዋን ቆመች። እኔ ደግሞ ያን መጽሐፍ አንስቼ ከሣጥን ሥር ወረወርኩት።

በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ ገና እንዳባራ አንድ ባጃጅ መንገዱ ዳር ቆመ። ጭቃው ስለማያስገባው አንድ ሰው ወርዶ በእግሩ መጣ። አንዋር ነው። ነጭ ስኒከር አድርጓል። እጁ ላይ አዲስ መኮትኮቻ አለ፤ የዋጋው ወረቀት እንኳ አልተላጠም።

ደንግጬ «ሐጂያ ናቸው የላኩህ?» አልኩት።

«አላወቀችም። ትናንት ከመጋረጃው ወዲያ ነበርኩ፤ ሰማሁሽ።»

«መንደሩንስ እንዴት አገኘኸው?»

«ያቺ ከርከዴ የጠረገችልሽ ልጅ ነገረችኝ። ‹እኔ እናቴ ልካኝ ነው የመጣሁት፣ የምፈልገው ሌላ ሰው አለኝ፤ ወደ ሐዋ ሂድ› አለችኝ።»

የጠላኋት ፋጤ! በሆዴ አፉ በይኝ አልኩ።

«ለምን መጣህ ታዲያ?»

መኮትኮቻውን ከእጅ እጅ አቀያየረ። «ሁሉም ይመጣሉ፣ እናቴን ይሰማሉ፣ ይሄዳሉ። ስለ እኔ ማንም ምንም አልጠየቀም። አንቺ ብቻ ነሽ ከእኔ አንድ ነገር የፈለግሽው። ማረም ግን አላውቅም፤ ታሳዪኛለሽ።»

እናቴ ከማሳው ውስጥ ስታየን ቆይታ መጣች። አንዋር አዲስ አበባ ስላደገ በርታውን እምብዛም አይችልም፤ እናቴ ደግሞ አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው። ከላይ እስከ ታች አየችው። ጫማው ላይ ስትደርስ ቆየች። ከዚያ «ና» አለችውና መስመር ሰጠችው።

የለውዝ ቡቃያ ገና ሲወጣ ከአንዳንድ አረም ጋር ይመሳሰላል። አንዋር ግን ጨርሶ ሊለየው አልቻለም። አረሙን በጥንቃቄ እየኮተኮተ አፈር ያስታቅፈዋል፤ ለውዙን ከነሥሩ እየነቀለ በሥርዓት ይከምረዋል። እናቴ ዘወር ስትል ክምሩን አየችና ጮኸች።

«አንተ ምን ሠራች? ይሄ ሣር! ይሄ ለውዝ! ሣር ተወች፣ ለውዝ ገደለች!»

«ይቅርታ፣ እማ።»

«ይቅርታ አይበቅልም!»

ቀኑን ሙሉ እንዲህ ዋሉ። እሷ ትጮኻለች፣ እሱ ይቅርታ ይጠይቃል፣ እኔ መሃል ሆኜ ሳቄን እታገላለሁ። ከሰዓት በኋላ መዳፉ ውሃ ቋጠረ፤ በመሐረብ አሰረው። ልቤ እውነቱን ለመናገር እዚያ መሐረብ ላይ ነው የቀረው። መጽሐፉ ውስጥ ልዑሉ ለልጅቷ የአልማዝ ቀለበት ሲሰጣት ያነበብኩት ገጽ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

ተመልሶ አይመጣም ብዬ ነበር፤ በማግስቱም መጣ። አሁን ቦቲ ጫማ ገዝቷል። በሦስተኛው ቀን ለውዙን ከአረሙ ለይቶ አወቀ፤ አንዲት መስመር አንድም ሳይነቅል ጨርሶ ሲነሳ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ጮኸ። እናቴ ፊቷን አዙራ ስትስቅ አየኋት። ከቀብር ሌላ ቦታ የማትሄድ፣ ከሰው ጋር የማትሳሳቅ እናቴ ናት።

የዚያን ቀን እኩለ ቀን ላይ ዝናቡ ወረደና ሦስታችንም ማንጎው ሥር ተጠለልን። አንዋር ከማሰሮው ውሃ ቀድቶ ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ ለእናቴ አቀረበላት። እናቴ ኩባያውን አየች፣ እሱንም አየች። ከዚያ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች፣ ጀርባዋን ሰጠችው፣ ኩባያውን ሳትቀበለው ወደ ግንዱ ዞራ ቆመች። ለእኔ በበርታ የሆነ ነገር ተናገረች።

እኔ የሰማሁትን ማመን አልቻልኩም። አንዋር ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ኩባያውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ፣ መኮትኮቻውን ከግንዱ ላይ አስደገፈ፣ ዝናቡ ውስጥ ገብቶ ወደ መንገዱ መራመድ ጀመረ። ሰውየው ሊሄድ ነው!

ያነበብኩት ሁሉ ሴት ልጅ ልዑልን አትከተልም ይላል። ቀሚሴን ሰብስቤ ጭቃው ውስጥ ሮጥኩ። አንዱ ጫማዬ ቀረ፤ አልተመለስኩም። መንገዱ ዳር የሚጠብቀው ባጃጅ ጋ ሲደርስ እጅጌውን ያዝኩት።

«ወዴት ነው?»

«ሐዋ፣ ገብቶኛል እኮ» አለኝ፤ ዓይኑ ሞልቷል። «ሦስት ቀን ሙሉ ስትጮህብኝ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ፊቷን እንኳ ልታሳየኝ አልፈለገችም። ውሃም ከእጄ አልወሰደችም። ምን በደልኳት?»

ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ። «አንተ! እናቴ እኮ ስትጮህብህ የነበረው እንግዳ ስለሆንክ ነው። በእኛ ደንብ አማት ለአማቿ ፊቷን አታሳይም፤ ፊት ለፊት አታናግረውም፣ ከእጁም አትቀበልም። ክብር ነው። አክብራህ ነው፤ አማቼ ነህ ያለችህ ዛሬ ነው!»

አፉን ከፍቶ አየኝ። ዝናቡ በአፍንጫው ይወርዳል።

«እና ምን ነበር ያለችሽ?»

«‹ንገሪው› አለችኝ፤ ‹ጎጆውን ከማንጎው ወዲያ ይቀልስ፤ እዚያ ውሃ አይተኛበትም›።»

በደንባችን የተጋቡት ልጆች መጀመሪያ ላይ የሚኖሩት ከልጅቷ እናት አጠገብ ነው። እናቴ ልጄን ውሰድ አላለችውም፤ ና አለችው። አንዋር መንገዱ ዳር ቁጢጥ ብሎ አለቀሰ፤ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አለቀስኩ። የባጃጁ ሹፌር ሁለታችንንም ሲያይ ሰው የሞተብን መስሎት «አላህ ያጽናችሁ» አለን።

ሐጂያ ከሳምንት በኋላ ተቆጥተው መጡ። ልጃቸው ቀርከሃ እየፈለጠ ግድግዳ ሲሠራ አገኙት። እናቴ ወጥታ ተቀበለቻቸው፤ ሁለቱ ሴቶች በበርታ ቀስ ብለው ብዙ አወሩ። ሐጂያ ሲመለሱ አጠገቤ ቆም አሉ። «አባቱም የእኔ እናት ማሳ ላይ ሲሠራ ለውዝ ይነቅል ነበር» አሉኝና ባጃጃቸው ውስጥ ገቡ። ስለ ምንጣፉ ግን እስከ ዛሬ ያነሱብኛል።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። አንዋር አሶሳ ውስጥ ፋርማሲ ከፈተ፤ እኔም ፈተናውን በግል ደግሜ ተፈትኜ አለፍኩና ዛሬ መምህር ነኝ። ፋጤ የምትፈልገውን ሰው አግብታ መንደራቸው ትኖራለች፤ ያን የልዑል መጽሐፍ ወስዳ አልመለሰችልኝም። ተማሪዎቼ እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ደብቀው ሲያነቡ ብይዛቸው አልቆጣም፤ እኔም እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። አንድ ነገር ግን እጠይቃቸዋለሁ፦ «እሱ እሷን ሲመርጥ አነበባችሁ፤ እሷስ ከሱ ምን ፈለገች?» ይተያያሉ። እኔ ያን ቀን ሐጂያ ፊት ባልጠይቅ ኖሮ፣ ምናልባት እመረጥ ነበር፤ ምናልባትም አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ እናቴ ዛሬ ቀና ስትል ምን ትደገፍ ይሆን እያልኩ እኖር ነበር። እናንተም የምትፈልጉትን በአፋችሁ ተናገሩ። ልትባረሩ ትችላላችሁ፤ እኔ ተባርሬያለሁ፤ አይገድልም።

ባለፈው ክረምት አንዋር በወባ ተኛ። ከቤታችን ግድግዳ ውጭ እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ አልተነሳችም።

«ንገሪው» አለችኝ፤ «ሾርባውን ይጨርስ። ማሳውን እኔ አየዋለሁ።»

«ንገሪያት» አለ እሱ ከውስጥ፤ በርታው አሁን ጥሩ ነው፤ «ወገቧን ያማታል፣ እኔ ስነሳ አርመዋለሁ።»

ግድግዳው ቀርከሃ ነው፤ አንዱ የሌላውን ቃል ቁልጭ አድርጎ ይሰማል። እኔም መሃል ቁጭ ብዬ የሁለቱንም መልእክት አንድ በአንድ አደረስኩ።